ዘጠኝ ደቂቃ

ማክሰኞ ሌሊት ነው። ተኝቼ ነበረ።
ላፕቶፔ ብቻውን ሲታደስ አደረ።
«አፕዴት ላይ ነኝ» ይላል፣ «አታጥፉኝ» ይላል፤
ለማን ይሆን ያለው? ቤቱ ሁሉ ተኝቷል።

ጠዋት ስከፍተው ግን ደህና ነው፣ ያበራል።
ስክሪኑ ላይ አዲስ ተራራ ተሥሏል፣
ጦሳን የማይመስል፣ በረዶ የቀባው፣
ሰው ያልወጣበት ነው፣ ጉምም ያልተጠጋው።

እንጀራዬ ጽሕፈት፤ ደሴ፣ ፍርድ ቤቱ በር፣
በርጩማዬን ጥዬ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
«ጉዳዩ፦» እላለሁ፣ የሰውን ሰው ነገር
በሁለት ጣቶቼ ቁልፍ ላይ ስደረድር።
እዚያ ሶኬት የለም። ባትሪዬን «አደራ»
ብዬ ነው የምወጣ፤ ዳገት የሚፈራ፣
ልክ እንደ ጉልበቴ።

የዚያን ቀን አቶ ይመር መጡ ከኩታበር፣
ስለ መብራት ቆጣሪ አቤት ሊሉ ነበር።
«ሦስተኛ ዓመታችን ከከፈልን ብሩን፤
ምሰሶው ቆሞልናል፣ ሽቦው ነው የራቀን።»
«በጨለማ ሆነን» ስል፣ ቃል ፍለጋ ቆሜ፣
ጠፋ።
ነካሁት፣ በራ። ልቀጥል ስል ደግሜ
ጠፋ።
«ይኸውልህ ምስክር፣ መዝገቡ ላይ ይግባ!»
አሉ አቶ ይመር። ሳቁ። እኔ ሆዴ ባባ።

ቅንብሩን ከፈትኩት። የኃይሉ ዝርዝር፣
ቆጣቢው፣ ብርቱው፣ መካከለኛው ነገር፣
ክዳኑ ሲዘጋ የሚያደርገው ሁሉ፣
በስንት ደቂቃ እንደሚያንቀላፋ፣
የነበረው ሁሉ ከነበረበት ጠፋ።
«አማራጭ የለም» የምትል አንዲት መስመር
እንደ ዘበኛ ቆማ ከደጁ ነበር።

ሸዋ በር ወረድኩኝ። ሽኩሪያ ጋ ስደርስ
ያንዱን ስልክ ከፍታ በመርፌ ስታርስ፣
ቀና ሳትል ጠየቀች፦ «አፕዴት አርገው ነበር?»
«እሱ ነው ያረገው።» «ይኸው ነው የሱ ነገር፤
አልጠፋም አባባ፤ ቦታው ነው የጠፋው።»
ጥቁር መስኮት ከፍታ ባንድ መስመር ጠራችው።

መጡ ሦስቱም መደቦች፤ ቆጣቢው ቀድሞ፣
መካከለኛው ቀጥሎ፣ ብርቱው ኋላ ቆሞ፣
ከፋብሪካ እንደወጡ።
አራተኛው የለም።

«ደግሞ አራተኛ አለ?»
«አለ እንጂ፣ ‹የአባዬ›።»

እሷ ናት ያበጀችው፣ ነጃት ልጄ፣ ድሮ፣
ኮምቦልቻ ሳይወስዳት ፋብሪካው ቀጥሮ።
አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ በስልኳ እየለካች፣
ቃል ሲጠፋኝ ስንት እንደምቆይ አወቀች፤
ባለጉዳይ ሲያለቅስ ስንት እንደምጠብቅ፣
ለዙሁር ስነሳ ስንት እንደምዘልቅ፣
ደምራ፣ አካፍላ፣ ያንን ሁሉ አስልታ
«የአባዬ» አለችው፣ ስም ለራሱ አውጥታ።

ሽኩሪያ እጇን ሰበሰበች። «ይህች መስመር» አለች፣
«ፋብሪካ የሰጠውን ብቻ ትመልሳለች፤
ሰው የጨመረውን ጠርጋ ነው የምታመጣ።
ልጠይቅዎት ነበር፤ ቃል ከአፌ ሳይወጣ
ጣቴ ቀደመኝ።»

ደወልኩ።
«ነጃት፣ ጠፋሽ» አልኳት። «ሥራ በዝቶ፣ አባዬ።»
ከኋላዋ ማሽን ክር ሲፈትል ይሰማል።
«ያቺ የላፕቶፔ፣ ስንት ደቂቃ ብለሻል?»
«የቷ? እኔ ነኝ እንዴ?» ዝም አለች። ዝም አልኩ።
ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት አዳመጥኩ።
መስመሩ ግን አልጠፋም።

ስምንት ብዬ ጻፍኩኝ። አጠፋሁት። አሥራ ሁለት።
አጠፋሁት። ዘጠኝ። ለምን እንደሆን እንጃለት።
«ስሙስ?» አለች ሽኩሪያ። ስም አልሰጠሁትም፤
ነገም ቢታደስ እንኳ የሚጠፋ ስም የለም።

ዳገቱን ወጣሁት። ጉሙ ከጦሳ ወርዷል።
አቶ ይመር በርጩማዬን ይዘው ጠብቀውኛል።
«በጨለማ ሆነን...» እዚያ ላይ ነው ያቆምን።
ቀጥሎ ምን እንበል? አሰብን። አሰብን።
ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፤ ዛፉ ቅጠል ጣለ፤
እሳቸውም ዝም፣
እኔም ዝም፤
ስክሪኑ እንደበራ አለ።